ከጦሳ ጀርባ ያለው ጥብቅ ሣር፦ የማጨጃው ቀን ይቅር ወይስ ይቆይ?

ሰላም ለዚህ መድረክ ቤተሰቦች። ከሁለት ሳምንት በፊት የከፈትኩት ክር ካሰብኩት በላይ ረዝሟል። ዘግይታችሁ የገባችሁ ሁሉንም አንብቦ መጨረስ እንደሚያደክም ስለጻፋችሁልኝ፣ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር ልተርክላችሁ። የማንንም ሐሳብ አጣምሜ ካቀረብኩ ከታች አርሙኝ።

የመክፈቻው ጽሑፌ ይህ ነበር።

የተወለድኩት ከጦሳ ተራራ ጀርባ፣ በደሴ ዙሪያ ካሉት መንደሮች በአንዱ ነው። ከመንደራችን በላይ ያለው ተዳፋት እኔ ሕፃን ሳለሁ ራቁቱን ነበር። ሐምሌ ሲገባ ጎርፉ ድንጋይ እያንከባለለ ባቄላው ላይ ይወርድ፣ ቦረቦሩም በየዓመቱ አንድ እርምጃ ወደ ቤታችን ይቀርብ ነበር። በኋላ ሽማግሌዎቹ ተማክረው ከብት እንዳይገባበት ከለከሉት፤ አባቴም ከመጀመሪያዎቹ ጠባቂዎች አንዱ ሆነ። ዛሬ ሣሩ የቆመ ሰው ወገብ ይደርሳል። በዓመት አንድ ቀን፣ ጥቅምት ላይ፣ መንደሩ በሙሉ ማጭድ ይዞ ይወጣል። ሼሁ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ቄሱ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ከዚያ ተዳፋቱ በገመድ ተለክቶ በዕጣ ይከፈላል።

የዕጣው አሠራር ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ አባወራ ወይም እማወራ የራሱን ምልክት ያዋጣል። አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የልብስ አዝራር፣ አንዱ የተሰበረ ጭራሮ፣ አንዷ የባቄላ ፍሬ። ሁሉም በአንድ ባርኔጣ ውስጥ ይቀላቀላል። የማን ምልክት የቱ እንደሆነ ያላየ ልጅ ባርኔጣውን ይዞ በተለካው ሣር ጫፍ ጫፍ ይሄዳል፤ በየድርሻው ላይ አንድ አንድ ይጥላል። እኔም አንድ ዓመት ዕጣ ጥያለሁ። ምልክቱ ሲሰበሰብ እንዳላይ ሽማግሌዎቹ ፊቴን ወደ ተራራው ጫፍ አዙረው አቆሙኝ፤ አባቴ ያዋጣው ምን እንደነበር ያወቅኩት ማታ ቤት ስንገባ ነው።

ሥጋ አይታረድም። ቢታረድ እስላሙና ክርስቲያኑ ማዕድ ይለያያል ተብሎ ገና ከጅምሩ ንፍሮ፣ ዳቦና ቡና ብቻ እንዲሆን ተወስኗል። ስንዴና ባቄላው ከየቤቱ ይዋጣል፤ ሁሉም ከአንድ ሰፌድ ይዘግናል።

ዘንድሮ ግን ሌላ ሐሳብ መጣ። ሣሩ እንደቆመ በጨረታ ደሴ ላሉ የወተት ላም ባለቤቶች ይሸጥ፣ ገንዘቡ ለጠባቂው የወር ደመወዝ ይሁን፣ የማጨጃው ቀን ይቅር የሚል ነው። ደመወዙን እኔም እደግፋለሁ። ነገር ግን ተራራውን እስከ ዛሬ ያቆየው ያ አንድ ቀን ነው ብዬ አምናለሁ። ጠባቂው አንድ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን መንደሩ ሁሉ ተራራውን በእግሩ ይረግጠዋል፤ የተቆረጠ ዛፍ፣ የፈረሰ እርከን፣ በድብቅ የገባ ከብት ያጋጠው ሣር ሁሉም ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ። ቀኑ ከቀረ ሣሩም አይቆይም። እናንተ ምን ትላላችሁ?

1ኛው ምላሽ የመጣው ኮምቦልቻ ከምትኖር እህት ነው። በጣም በትሕትና ነበር የጻፈችው። ነገሩ የመንደራችን ብቻ አለመሆኑን ነግራኛለች። ቦርከና ከደሴ ተራሮች ተነስቶ በኮምቦልቻ መሐል አልፎ በከሚሴ በኩል ወደ ጨፋ ረግረግ ይወርዳል፤ ጨፋ ደግሞ በበጋ የአፋር አርብቶ አደሮች ከብት የሚያሰማሩበት ነው። እኛ ላይ ሣር ካለ ውሃው ቀስ ብሎ፣ ጠርቶ ይወርዳል፤ ከሌለ እነሱ ዘንድ ድፍርስ ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። እሷ ከቤቷ ደጃፍ ሆና የየጎፍን ደን ስታይ ልቧ እንደሚያርፍም ጨምራለች። ለካ የእኛ ሣር የሩቅ ሰው ጉዳይም ነው።

2ኛው አረመኝ። ተራራውን ያዳኑት ሽማግሌዎቹ ብቻ አይደሉም፣ በሣሩ ሥር ያለውን ድንጋይ አትርሺ አለ። በደርግ ጊዜ ወጣት ሆኖ በምግብ ለሥራ እርከን ሠርቷል፤ ለቀን ሥራ 3 ኪሎ ስንዴና ጥቂት ዘይት ይሰፈርላቸው እንደነበር፣ ድንጋዩን በትከሻቸው ከገደል ሥር ያወጡ እንደነበር ጽፏል። እውነቱን ነው። ማጭዴ ከአንድ ሁለቴ በላይ ከዚያ ድንጋይ ጋር ተጋጭቷል፤ ማን እንደደረደረው ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

3ኛው የ2ኛውን ተቀብሎ ታሪኩን እስከ 1983 አመጣው፤ ለእኔ ከክሩ ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ነው። መንግሥት ሲለወጥ በእሱ አካባቢ በዘመቻ የተተከለው ደን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በመጥረቢያ እንዳለቀ ይተርካል። የቆረጡት ሌቦች አልነበሩም፤ በገዛ እጃቸው የተከሉት ጎረቤቶቹ ነበሩ። ዛፉ የመንግሥት ነው ብለው ያምኑ ስለነበር፣ ያ መንግሥት ሲወድቅ ዛፉ ባለቤት አጣ። በዚያው ሳምንት የቤተ ክርስቲያኑን ጽድና የሼሆቹን ግቢ ወይራ የነካ ሰው አልነበረም። ተራራን ሕዝብ የእኔ ካላለው አጥር አያድነውም የሚለው የእሱ ሐሳብ ነው፤ እኔም ስለ ማጨጃው ቀን ማለት የፈለግኩት ይኸንኑ ነበር።

4ኛው አጭር ነው። ጠባቂው በዓመት ከየቤቱ በሚሰፈርለት እህል ልጅ ማሳደግ አይችልም፣ ስለዚህ ጨረታው ይሻላል ይላል። በአክብሮት የተነገረ፣ መልስ የሚያስፈልገው ሐሳብ ነው። አባቴ በዚያ እህል ስላሳደገን ችግሩን አውቀዋለሁ።

5ኛው በእንስሳት እርባታ ሙያ የሚሠራ ወንድም ነው። በዓሉን ትቶ ስለ ሣሩ ብቻ ጻፈ። ሣር ለከብት በጣም የሚጠቅመው ማበብ ሲጀምር ነው፤ ዘሩን አራግፎ ሲደርቅ ገለባ ይሆናል፣ ኃይሉ ይቀንሳል። ጥቅምት መጨረሻ ድረስ ስንጠብቅ ግማሹን ጥቅም እንደምናጣ ገለጸ። ሁሉንም ቀድሞ ማጨድ ግን ዘር ያሳጣል፤ ስለዚህ በየዓመቱ አንዱን ክፍል ለዘር መተው፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሌላውን ማፈራረቅ እንደሚሻል መከረ። ይህን ወረቀት ላይ ገልብጬዋለሁ።

6ኛው ምላሽ ቆጣ ያለ ነበር። ከተማ ተቀምጦ ስለ ገጠር ተራራ ማልቀስ ቀላል ነው ብሎ ጀመረ። በመንደሩ መሬት የሌለው ወጣት ሞልቷል፣ ላም የሌለው ሰው ሣር ምን ያደርግለታል፣ ቀኑ ባለከብቶች የሚደሰቱበት ቀን ነው አለ። ቃላቱ ከባድ ነበሩ፤ ቢሆንም ዋሽቷል ማለት አልችልም።

7ኛዋ ለ6ኛው መለሰችለት። እናቷ ባል የሞተባት፣ አንድ ፍየል እንኳ ያልነበራት ሴት ነበረች። በየዓመቱ የዕጣዋን ሣር አጭዳ፣ በጀርባዋ ተሸክማ ወርዳ ደሴ ሰኞ ገበያ ትሸጥ ነበር። የእሷና የወንድሟ ደብተር የሚገዛው በዚያ ብር ነበር። ጨረታ ቢሆን ኖሮ ብሩ ወደ ካዝና ይገባል፣ እናቷ ጋ አይደርስም። ዕጣ ግን ላም አለሽ ወይ ብሎ አይጠይቅም።

8ኛው ያው 6ኛው ሰው ነው፤ ተመልሶ መጣ፣ ብሶበትም ነበር። ለ7ኛዋ እናት አዝኖ፣ ወዲያው አንድ ጥያቄ ወደ እኔ ወረወረ። ካለፉት ዓመታት ወዲህ ያገቡ ወጣቶች ስማቸው ዕጣ መዝገቡ ላይ አለ ወይ? እኔም ወደ መንደር ስልክ ደውዬ ጠየቅኩ። የለም። መዝገቡ የተዘጋው ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ አዲስ ጎጆ የወጣ ሰው በአባቱ ስም ነው የሚያጭደው፣ አባቱ ካልሰጠው ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህን ስሰማ አፈርኩ። መንደሩ በሙሉ ይወጣል ብዬ ጽፌ ነበር፤ መንደሩ በሙሉ አልነበረም። መክፈቻው ላይ ያልኩትን በዚህ አርሜያለሁ።

ከ9 እስከ 11 ያሉት ስለ ችግኝ ተከራከሩ። 9ኛው ሐምሌ 22 ቀን 2011፣ በአገሩ ሁሉ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአንድ ቀን ተተከለ በተባለበት ዕለት፣ እሱም ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር ዘፈን እየዘፈነ ተክሎ ነበር። ኅዳር ላይ ብቻውን ተመልሶ ሄደ። የደረቀውን አንዱን ሲነቅለው ላስቲኩ አልወለቀም፤ ሥሩ በላስቲኩ ውስጥ እንደ ክር ኳስ ተጠቅልሎ ነበር። ያን ቀን ያጨበጨበው ሁሉ የት እንደሄደ በምሬት ጠየቀ፤ ወደ እኔም ዞሮ በዓል ተራራ አያድንም አለ። 10ኛው ተቆጣ። የእነሱ ቀበሌ የተከለው ጽድ ዛሬ ሰው እንደሚያህል፣ የአንድ ቦታ ጥፋት ይዞ የሁሉን ድካም ማርከስ ነውር እንደሆነ ጻፈ። እኔ ለሁለቱም አንድ ነገር ብያለሁ፦ የ9ኛው በዓል በተከላ ቀን አልቋል፤ የእኛ የሚከበረው ሣሩ ከአደገ በኋላ ነው፤ ሰው የሚመጣው የጠበቀውን ሊወስድ ነው።

11ኛው አዛውንት ይመስሉኛል፤ አጻጻፋቸው የረጋ ነው። ተከላውንም ጭቅጭቁንም ትተው ወደ መሬት አጎንብሱ አሉን። ከብት በማይገባበት ተዳፋት ላይ መጀመሪያ ሣር፣ ቀጥሎ ክትክታና እምቧጮ፣ አጋምና ቀጋ ይበቅላል። የአጋሙን እሾህ በዱላ ገለጥ አድርጋችሁ ሥሩን እዩ ብለው ጻፉ። እኔም ባለፈው እሑድ ሄጄ አደረግኩት። እሾሁ እጄን ጫረኝ፤ ከውስጥ ግን ጥላው እርጥብ ነበር፣ የወፍ ኩስ የነጠበበት ድንጋይ አጠገብ ቁመቷ ስንዝር የማትሞላ ወይራ ቆማለች። ቅጠሏን ገለበጥኩት፤ ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥር ወርቅ የተቀባ የመሰለ ቡናማ ነው። ማንም አልተከላትም። ወፍ ፍሬውን በልታ አመጣቻት፣ አጋም ከፍየል አፍ ሸሸጋት። እዚያው ዙሪያ ስፈልግ ሌላ ሦስት አገኘሁ። አዛውንቱ የሚሉት፣ አጫጆቹ ቁጥቋጦውን ማገዶ ብለው እንዳይመነጥሩ ያን ቀን ማስጠንቀቅ ከሺህ ችግኝ ይበልጣል ነው። ይህን በመድረኩ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ አምላክ ዕድሜ ይስጥልን።

ከዚህ በኋላ ክሩ ትንሽ ከመስመር ወጣ። 12ኛዋ ወይራ ሲነሣ የእናቷ የወተት ዕቃ ትዝ አላት፤ ዕቃውን በወይራ ጭስ ሳያጥኑ ወተት መናጥ እንደማይጥም፣ ከተማ ውስጥ ወይራ ፍልጥ መወደዱን ጻፈች። 13ኛው የጠላ ጋን እጥበትና መፋቂያ ጨመረበት። 14ኛው ደግሞ የወሎ ሰው ተራራውን ምን ያህል እንደሚወድ ለማስረዳት ወደ ቅኝት ገባ፤ ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ በአምባሰል፣ አንዱ በባቲ መጠራታቸውን አንሥቶ፣ በአገሩ ስም የዜማ ስልት የሰየመ ሕዝብ አገሩን እንዴት ያራቁታል ብሎ ጠየቀ። ደስ የሚል ነበር። ትዝታስ የማን ነው የሚል ክርክር ሊጀመር ሲል ወደ ሣሩ እንመለስ ብዬ ለመንኩ።

15ኛው ምላሽ ከሁሉም የከረረው ነው። በመንደራችን ምንጭ አጠገብ ያለውን ዋርካ ቅቤ የሚቀቡ እናቶች እንዳሉ ሰምቷል፤ የማጨጃው ቀን ለተራራ የሚደረግ አምልኮ ነው፣ ቄሱም ሼሁም ሊወጡበት አይገባም አለ። 16ኛው መለሰ፦ ዱዓውና ጸሎቱ ሣር ለሰጠው ፈጣሪ የሚቀርብ ምስጋና ነው፣ ዝናብ ሲጠፋ ምህላ የሚያደርገውና ለዱዓ ተሰብስቦ ወዳጃ የሚቀመጠው የወሎ ሰው ማንን እንደሚለምን ያውቃል፣ ዋርካውን የሚቀቡትን እናቶች ደግሞ ከማዋረድ ቀርቦ ማስተማር ይሻላል አለ። እኔ በዚህ ከ16ኛው ጋር ነኝ። ቅቤው የአያቶች ልማድ ነው፣ ከማጨጃው ቀን ጋርም አይገናኝም። 17ኛው ስድብ ስለነበረበት የመድረኩ አስተባባሪ አንስቶታል፤ እኔም አልደግመውም።

18ኛው የመንዝ ልጅ ነው፤ በመንዝ ያለውን የጥብቅ ሣር ምድር፣ የጓሳን ታሪክ ይዞ መጣ። እዚያ የሁለቱ ቀደምት አባቶች፣ የአስቦና የጌራ ዘሮች ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጓሳውን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጠብቀዋል። ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፤ ድርቅ ሲመጣ ወይም ሣሩ ሲደርስ ሽማግሌ ወስኖ ይከፈታል፤ ቤት የሚከደነውና ገመድ የሚገመደው በዚያ ሣር ነው። ሥርዓቱ የፈረሰው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው፤ በኋላ ሕዝቡ በአዲስ መልክ አደራጅቶ ቀጠለበት። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም አሉ። ከዚህ የወሰድኩት፣ መዝጋቱ ብቻ ሳይሆን የሚከፈትበት ቀን መታወቁ የሥርዓቱ ግማሽ መሆኑን ነው። ሰው የማይከፈት በር አይጠብቅም።

19ኛው 18ኛውን አረመው፤ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ ሰፊ ምድር ነው፣ የእናንተ ግን የአንድ መንደር ተዳፋት ነው፣ ከደጋው ሕግ መቅዳት አያዋጣም አለ። ደግሞስ ለምን መንዝ ድረስ፣ በቦረና ሳይንትም ቀይ ቀበሮ አለን ብሎ ተቆርቁሯል። ሁለቱ ጥቂት ተመላለሱ፤ በሰላም ተለያዩ።

20ኛው ጥብቁን አፍርሰን ባሕር ዛፍ እንትከልበት የሚል ነበር። አጣናው ደሴ ላይ በቶሎ ብር ይሆናል፣ ቢቆርጡትም ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሥሩ ምንጫችንን እንደሚጠጣው፣ ከሥሩም ሣር እንደማይበቅል ሦስት ሰዎች ተከታትለው ነግረውታል። እኔ የምጨምረው የለኝም። በየጓሮው ይተከል፤ ከምንጩ በላይ ግን አይሆንም።

21ኛው ሲመጣ መድረኩ ጸጥ ብሎ ነበር። ያው 6ኛውና 8ኛው ሰው ነው። እሱም የእኛው አካባቢ ልጅ እንደሆነ፣ ካገባ ዓመታት እንዳለፉት፣ በማጨጃው ቀን ከአጥር ውጭ ቆሞ ሲያይ እንደኖረ ጻፈ። ስሙ ከገባ ማጭዱን ስሎ እንደሚመጣ፣ ለጠባቂውም ከድርሻው እንደሚያካፍል ተናገረ። በ6ኛው ላይ ተቀይሜ የጻፍኩለት አንድ መስመር ነበር፤ ይቅርታ ጠይቄ አንስቼዋለሁ።

እሑድ ዕለት የቅሬው፣ ማለትም የመንደሩ ዕድር፣ ስብሰባ ነበር። የአምስተኛውን፣ የስምንተኛውንና የአሥራ አንደኛውን ምላሽ በወረቀት ይዤ ሄድኩ፤ ዕድል ሰጡኝና አነበብኩ። ጨረታውን የሚደግፉ ሰዎች አልተሸነፉም፤ የታችኛው ክፍል ለጠባቂው ደመወዝ ይሸጥ አይሸጥ የሚለው ገና አልተቆረጠም። መዝገቡ ግን እዚያው ተከፈተ። ወጣቶቹ ተሰልፈው ስማቸውን ሲያስጽፉ የጸሐፊው እስክሪብቶ አልቆ ሌላ ተለምኖ መጣ። ቀኑም ቀደም እንዲል ተስማሙ፤ ዓርብ፣ እሑድ፣ የሚካኤልና የማርያም ቀን እንዳይሆን፣ ሰኞም ገበያ ስለሆነ፣ በጥቅምት የመጀመሪያው ሳምንት ማክሰኞ ተባለ።

22ኛዋ፣ የመጨረሻዋ፣ እስካሁን ያልመለስኩላት ናት። ድርሻው ከበዛ የድሮው ገመድ ይበቃል ወይ፣ ካልበቃ ሰኞ ገበያ ስለምትወርድ አዲሱን እሷ ትግዛ ወይ ብላ ጠይቃለች። እህቴ፣ ግዢልን። የአባቴ ገመድ 20 ክንድ ነበር፤ አሁን ድርሻው ስለሚጠብ 15 ክንድ ይበቃል። ስትገዢ ግን 16 አስለኪ፤ ጫፍና ጫፉ ሲቋጠር አንድ ክንድ ይበላል።